የሺራ ጸጉርና የእኔ ዓርቦች

እሑድ ጠዋት፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ
ትራሱን አራገፍኩ። ጸጉር ብቻ። ልጄ ሺራ በጠዋቱ ባቡር ወደ ሐይፋ ተመለሰች፤ እዚያ ክፍል ተከራይታ ነርስነት ትማራለች። እኔ ወዳለሁበት ወደ ሀደራ የምትመጣው ለበዓል ብቻ ነው። ትናንት ማታ ግን ሻሿን ፈትታ አሳየችኝ። ከጆሮዋ በላይ፣ በሁለቱም በኩል ሳስቷል፣ ቆዳው ይታያል። መድኃኒት አውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔን! ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ ራሷን አስነክታኝ አታውቅም። ማስታወሻዬ፣ አዘንኩም፣ ደስም አለኝ። ደስታው ሳይበልጥ አይቀርም።

ማክሰኞ
ታችኛው ፎቅ እማማ ብርቄ ዘንድ ወረድኩ (ከእንግዲህ እ.ብ.፣ እጄ ሰነፍ ነው)። አገር ቤት ሳሉ የመንደሩን ሴት ራስ የሚይዙት እሳቸው ነበሩ። አብሽ ዘፍዝፊ፣ ጥቁር አዝሙድ ውቀጪ፣ የጥብስ ቅጠል አፍዪ አሉኝ። አብሹን ከገበያ ገዛሁ። ቅጠሉ ግን ደጃችን ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ አጥሩን ሁሉ በእሱ ሞልቶታል። እ.ብ. ሳቁ። እዚያ ለቅጠል ግማሽ ቀን እንሄድ ነበር፣ እዚህ መንግሥት ውሃ እያጠጣ ያበቅልልናል አሉ። ተመስገን።

ዓርብ ከሰዓት
ሺራ ለመድኃኒቱ ብላ መጣች። ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጉልበቴን ተደገፈች። ቅጠሉን ስታይ፣ ራሴን ልትጠብሺው ነው ወይ ብላ ቀለደች። ቀባሁ፣ አሸሁ። ብዙ ልናገር አስቤ ነበር። ስለ አብሹ ብቻ አወራሁ።

እሑድ ማታ
ስልክ፣ ሺራ ናት። ባቡር ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ፣ ማነው ሂልቤ የሚበላው እያለ ግራ ቀኝ ሲያይ ነበር። ሂልቤ የየመኖቹ የአብሽ ማባያ ነው። ተቆጣች፦ «ኢማ፣ ዳይ፣ በቃ! ሦስቴ ታጥቤ አሁንም አብሽ አብሽ እሸታለሁ!» ከዚያ ራሷ ሳቀች። እኔማ ሆዴን እስኪያመኝ። አብሽ ቀረ። በረንዳዬ ላይ እሬት አለ።

ዓርብ
እሬቱን ስቀባት ከንፈሯ ላይ ደረሰ። መረራት፣ ተፋች። ጡት ያስጣልኩሽ በዚሁ ነው አልኳት። አታውቅም ነበር። ማን የበለጠ እንዳለቀሰ ጠየቀችኝ። እኔ፣ አልኩ፤ እውነቴን ነው። ትንሽ ቆይታ ራሷን ጉልበቴ ላይ ጣል አድርጋ እንቅልፍ ወሰዳት። እግሬ ደነዘዘ፣ አልተንቀሳቀስኩም። በሳሳ ጸጉር ምክንያት ፈጣሪን ያመሰገነ ሰው ይኖር ይሆን?

ረቡዕ
ሐኪም አይቷታል። ሰው ሠራሽ ጸጉር እየጨመረች አጥብቃ ስትሠራው ነው የሳሳው፤ ብረትም አንሷታል። ክኒን ትውሰድ፣ ጸጉሯን ትፍታው። ቅጠሉ አይጎዳም፣ ያበቅላል ግን አልልም ብሏል። በዚህ መከፋት ነበረብኝ። የከፋኝ ሌላ ነው። ከበቀለ ዓርቤ ይቀራል። የልጇ ጸጉር እንዳይበቅል የምትመኝ እናት! ይቅር በለኝ።

እሑድ
ብዙ ሳምንት ሳልጽፍ ቆየሁ። ደስ ያለው ሰው መቼ ይጽፋል? ሺራ አንድም ዓርብ አልቀረችም። አሁን በቅሏል! እንደ ሕፃን ጸጉር የለሰለሰ። መስታወት ፊት ጮኸች፣ ሳመችኝ፣ እ.ብ.ን ልታሳይ በባዶ እግሯ ሮጠች። እልል አሉ። እኔም እልል አልኩ፣ ከልቤ። ስትሄድ ግን ስለሚመጣው ዓርብ አላነሳችም።

ሐሙስ
ልማዴ ሆኖ ቅጠል ልቆርጥ ወረድኩ። ቆሜ አሰብኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔ ግን እለቃለሁ። ተመልሼ ደወልኩላት። ሕክምናው አልቋል፣ ብትመጪ ናፍቀሽኝ ነው የምትመጪው አልኳት። እንዲህ ብያት አላውቅም። ፈተና አለብኝ፣ እናያለን አለች። እሺ አልኩ።

ዓርብ፣ ሰንበት ሊገባ ሲል
በሩ ተከፈተ። ሺራ! ከነመጽሐፏ። ምንም አልቀመምኩም፣ ነግሬሽ የለም ወይ አልኳት። ሰምቻለሁ አለች። መጽሐፏን ይዛ እግሬ ሥር ተቀመጠች። ጸጉሯ ታጥቧል፣ ምንም አልጎደለውም። የሰንበት ሻማ እስኪበራና መጻፍ እስኪከለከል ጥቂት ጊዜ አለን። ማስታወሻዬ፣ በአንድ እጄ ነው የምጽፍልህ፣ ሌላው ራሷ ላይ ነው። አሁን ደግሞ ሁለቱንም አምጪ ትላለች፣ እንግዲህ