እማ ከሰልፉ መሀል ያወጣችው ግጥም

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለአቃ፣ ባሕር ማዶ፣ ከድንጋይ ከሰሉ አገር።

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ? ያ የጉድጓዱ አቧራ ያመጣብህ ሳል ለቀቀህ ወይ? እማ «ሳሉን ሳትጠይቂው ሌላ ወሬ እንዳትጀምሪ» ስላለችኝ አስቀድሜ ጠየቅሁ። እኛ፣ አላህ ይመስገን፣ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም። ፖሙ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል። የላክኸው ካፖርት ለእማ ልክክ ብሏል፤ ብርድ ባይኖርም ለብሳው ትወጣለች።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ፤ ቁጭ ብለህ አንብበው። አጎቴ ሐሙ በመከሩ ማግስት የሚስቱን ወንድም፣ ባለወፍጮውን ሚሙንን፣ ይዞ መጣና «የወንድሜ ቤት ያለ ወንድ አይቀርም፤ እናትሽን ኢዛን ለሚሙን ሰጥቻታለሁ» አለ። ክፋት አልነበረውም፤ የጠበቀን መስሎት ነው። እማ ሻይ ቀዳችላቸው። መበለት ስለ ራሷ ትዳር አፏን ሞልታ እንደማትናገር ለአንተ አልነግርህም። እኔ ግን አንጀቴ አረረ።

ከዚያ የጎረቤታችን የራቢዓ ልጅ ሠርግ ደረሰ። ወንዶቹ ወዲያ፣ እኛ ሴቶቹ ወዲህ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ተሰልፈን ከበሮው ሲሞቅ፣ አባባ ከሞተ ጀምሮ ዘፍና የማታውቀው እማ ካጠገቤ ድምጿን አወጣች፦

«ቀፎዋን ተማክረው ለሰው ሲሰጡባት፣
አበባሽ የት ነው ብሎ ንቧን ማን ጠየቃት?»

ሴቱ በእልልታ አቀለጠው። በመንደራችን ቀፎ ያለው ማን እንደሆነ አልጠፋህም። ባለፈው ክረምት ማንም ሳይጠራው መጥቶ በረዶውን ከጣራችን የጠረገልን፣ ሚስቱ የሞተችበት ባሱ ነው። ራቢዓ ምን ብትል ጥሩ ነው? «እንግዲህ ንቢቱ ከታወቀች፣ ማሩን ማን ሊልሰው ነው?» አለች። ባሱ እስከ ጆሮው ቀላ። ያ ዐይን አፋር ሰውዬ ግን ከወዲያኛው ሰልፍ ለእማ መለሰላት፦

«ጭስ ይዤ አልመጣም ንቧን ላስደነግጣት፣
አበባ ተክዬ ከደጄ ልጠብቃት።»

አጎቴ ደሙ ፈላ። ከሰልፉ ወጥቶ «ኢዛ፣ ምን ማለትሽ ነው? ለምን በግልጽ አትናገሪም?» አለ። ከበሮው ቀጥ አለ። ሰልፉን የሚመራው ሽማግሌ፣ ሞሐ፣ ረጋ ብሎ «ሐሙ፣ እዚህ በዘፈን ለተባለ በዘፈን ነው የሚመለሰው። ካቃተህ በግህን አርደህ አብላን» ሲለው ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ይሄኔ ሚሙን አፉ እንደጎረሰ «ተዋቸው ባክህ፣ የሴት ጫጫታ ነው» አይልም መሰለህ! አጎቴን ታውቀው የለ? ስድብ ይችላል፤ ዘፈን ሲናቅ ግን አይችልም። ሚሙንን ከእግር እስከ ራሱ አየው። ከዚያ ወደ ሰልፉ ተመልሶ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ በዚያ በጉብዝናው ሙሽራ ያስለቅስበት በነበረው ድምፅ እንዲህ አለ፦

«ዝናብ እንዳይመታው ቀፎውን ሸፈንኩኝ፣
በሩን መች ዘጋሁት፣ ትብረር ንቧ አልኩኝ።»

እማ እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ። እኔም አለቀስኩ። ስንቱን ክፉ ነገር ሊናገር የሚችል ሰው እንዲያ ያለውን ቃል ስላወጣ እስካሁን እመርቀዋለሁ። ሚሙን በማግስቱ በቅሎውን ጭኖ ሄደ። አጎቴ ደግሞ እኛ ቤት መጥቶ ሻዩን ጠጣ፤ ስለ ማታው ግን ትንፍሽ አላለም። በሰልፍ የተባለ ወደ ቤት አይገባማ። ሲወጣ ብቻ «ለአቃ ጻፊለት፤ የቤቱ ራስ እሱ ነው» አለኝ።

አንተንም አመሰግንሃለሁ፣ ወንድምዬ። «ለሴት ልጅ ፊደል ምን ያደርግላታል?» ሲሉ እጄን ይዘህ ትምህርት ቤት ያስገባኸኝ አንተ ነህ። ያ ባይሆን ይህን የእማን ገመና ገበያ ላይ ለተቀመጠ ጸሐፊ ልናወራ ነበር።

እንግዲህ የቀረው ያንተ ቃል ነው። ያንተን ሐሳብ ሳይሰሙ የባሱ ሽማግሌዎች ደጃችንን አይረግጡም። አንተ ከከፋህ እማ ነገሩን እርግፍ አድርጋ እንደምትተወው አውቃለሁ። ጠይቂልኝም አላለችኝ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ይህችን ብቻ ጻፊ አለችኝ፦

«ልጄ ባሕር ማዶ፣ ክረምቱ ከደጄ፣
እሳት ላንድድ ወይስ ልጠብቅህ ልጄ?»

መልሱን በደብዳቤ እንዳትልከው፤ እኔ ሳነብላት ፊቷን የምታደርግበት ይጠፋታል። ከጓደኞችህ ካሴት መቅጃ ተዋስና አንተው ዝፈንላት። ድምፅህ የኮርማ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ አይዞህ፣ ለሰው አናሰማብህም።

አጎቴ ሐሙና ባለቤቱ ሰላም ብለውሃል፤ እሷ በወንድሟ ነገር ትንሽ አኩርፋለች፣ ግን ይበርዳል። ራቢዓ ሳሚልኝ ብላለች። ሽማግሌው ሞሐ «ዱላዬን ያነሳልኝ የነበረው ልጅ ደህና ነው?» ይላል። አብረውህ ለሚኖሩት ለነዑቅባ ሰላምታዬን ንገርልኝ።

ወረቀቱን ላጥፍ ስል እማ አንዴ ጠብቂ አለችኝ። እምቢ የምትልም ከሆነ ዘፍነህ እምቢ በላት፤ ድምፅህን ልስማው ብላለች።

እኅትህ ቱዳ
ታግሙት፣ ከተራራው ሥር
ኦክቶበር 12 ቀን 1974