ለሰው የለቀቅኩት ተራ

ናዝሬት፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለተቆጣሽኝ ባለቤቴ፣ ለወይዘሮ ተሻለች፤ አቦምሳ።

ወንድምሽ ቤት እንዴት ከርመሻል? እኔ ብሽሽቴ ላይ ካለችው እብጠት በቀር ደህና ነኝ። እሷም ደህና ናት፣ አድጋለች። የስፌት መኪናዬን በአንድ እግር ስለምረግጥ የምሰፋው ሱሪ ሁሉ ወደ ግራ ያጋድላል።

«ኦፕራሲዮን ሳትሆን ብመለስ ከምላሴ ፀጉር ይነቀል» ብለሽ ከወጣሽ ሰባት ወር ሆነሽ። ጥፋቱ ግን የወረፋው ነው። አንቺ እንቅርትሽን ስትታከሚ ሦስት ሳምንት ጠበቅሽ። አምና መዝገብ ቤት ስጠይቅ ሦስት ወር አሉኝ፤ ዘንድሮ የሚመዘገብ ሰው ስምንት ወር ይጠብቃል። ሐኪሙ አንድ ነው፣ በሽተኛው ከመቂም ከአርሲም ይመጣል።

እኛ ወረፋ ጠባቂዎች አግዳሚው ላይ ተዋወቅንና ማኅበር አቋቋምን። ሕጉ እንደ እቁብ ነው፤ ተራ የደረሰው ሰው የባሰበት ካለ ይለቅለትና የእሱን ቀን ይወስዳል። በቀበሌ ምርጫ አንድ እጅ እንኳ ያልወጣልኝ ሰውዬ በሙሉ ድምፅ ሊቀመንበር ሆንኩ።

ሐምሌ ላይ ተራዬ ሲደርስ ለመርጋ ለቀቅኩ፤ ከዓለም ጤና ከተማ የመጣ ገበሬ ነው፣ ሽንኩርቱ ሳይበላሽ ይዳን ብዬ። መስከረም ላይ የሐሞት ጠጠር ላለባት ለወይዘሮ ፋዲላ ሰጠሁ። ባለፈው ሳምንት ሦስተኛው ሲደርስ ግን የባሰበት ሰው ጠፋ። አግዳሚውን ዞሬ ዞሬ ኢተፋ የሚባል ወጣት አገኘሁ፤ አንገቱ ላይ ያለችው እባጭ ከረባት ሲያስር ብቻ ታስቸግረዋለች።

«ጋሼ፣ እኔን እኮ አያመኝም» አለኝ።

«አይምሰልህ» ብዬ አስገባሁት።

መዝገብ የምትይዘው ሲስተር ዘርፉ ጠራችኝ። «ጋሼ ሰብስቤ፣ ሦስት ጊዜ ተራውን የለቀቀ ሰው ወይ ጻድቅ ነው ወይ ፈሪ» አለች። ለጥር 16 ቀጠረችኝና ከስሜ ጎን በቀይ ቀለም «ለሌላ አይተላለፍም» ብላ ጻፈች። ከዚያ «አስታማሚዎ ማነው? አስታማሚ ለሌለው አልጋ አንሰጥም» አለችኝ።

ማኅበርተኛው ሁሉ እኔ እኔ አለ። መርጋ ሥራውን ትቶ ሊያድር፣ ፋዲላ ሾርባ ልታመላልስ። ሁሉንም አመስግኜ እምቢ አልኩና ያንቺን ስም አስጻፍኩ፤ ሳልጠይቅሽ። ይቅር በይኝ።

ተሻለች፣ ቢላውን እፈራለሁ። የበለጠ የምፈራው ግን ስነቃ አጠገቤ የሌላ ሰው ፊት ማየትን ነው። ሳልታከም አትመለሺም፤ አንቺ ሳትመለሺ ደግሞ እኔ አልታከምም። ከሁለታችን አንዳችን እንሸነፍ፤ አንቺ ብትሆኚ ደስ ይለኛል።

ጥር 15 መናኸሪያው በር ላይ እቆማለሁ። እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅና፣ ልብሽንም ያራራልኝ።

ባልሽ ሰብስቤ

ይህንንም ጠይቄልሻለሁ፦ ለአስታማሚ ወረፋ የለም።