ለአባባ ዕቃ የሚሆን እሳት

…አባባ ትንባሆ የሚያጨስበትን ጋያ ከአፉ ሳያወጣ ድር ሲያደራ፣ አንተ ደጃፉ ላይ ቆመህ ጭሱን በእጅህ እያባረርክ፣ እኔ ደግሞ ከኋላህ… አይ፣ ከዚያ አልጀምርም። ሰላምታው ይቅደም።

ወንድም ጋሼ፣ እንዴት ነህ? ጤናህስ? የደርባን ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ሱቁ ሰላም ነው? አሁንም ብቻህን ነው የምትዘጋው? ይህን ሁሉ በስልክ እጠይቅሃለሁ፤ ግን ስደውል አባባ አጠገቤ ስለሚቀመጥ ግማሹን እውጠዋለሁ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ይፍሩ ወደዚያ ሊመለስ ነው ሲሉኝ ደስ ያለኝ ለዚህ ነው። እኛ ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

በኅዳር አባባን ከገረሴ ወደዚህ ለሕክምና ያወረድነው ጊዜ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ፣ ትንባሆውን ካልተወ ሳንባው ብዙ እንደማይቆይለት ነገረኝ። አባባ አልሰማም። የሰማሁት እኔ ነኝ። የላክህለትን በባትሪ የሚሠራ ማጨሻ ለሐኪሙ ሳሳየው ደግሞ፣ ሁሉንም ቢተው ይሻላል አለኝ። እኔ ግን መሻገሪያ ይሁነው አልኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጋያዬን አምጪልኝ አላለም። ሦስት ሳምንት! ከዚያ ውስጡ ያለችው፣ ጥጡ የጠጣውን ፈሳሽ እያሞቀች የምታጨሰው ጥቅል ሽቦ ተቃጠለች፤ መለወጫዎቹም አለቁ።

አዲስ ሽቦ ጠቅልዪ፣ ጥጥ ሳታስገቢበት በፊት ፍም እስኪመስል በእሳት አግዪው ብለኸኝ ነበር። በምን እሳት እንደሆነ አልጠየቅኩህም። እሳት እሳት ነው ብዬ።

መጀመሪያ በላምባ ምድጃ አጋልኩት። ጠቆረ፤ በጨርቅ ጠረግኩት። አባባ አንዴ ሳበና ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ሳለ። «አንቺ ልጅ፣ ኩራዝ ነው እንዴ ያጎረስሽኝ?» አለኝ። ሳቅኩ። ጓዳ ገብቼ ሽቦውን እንደገና ጠረግኩት። በማግስቱ የገረሴ መኪና ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጠየቀኝ። ጋያው እዚያ ነው ያለው።

ቤንዚን ሞከርኩ። ነበልባሉ ዘለለና የቅንድቤን ጫፍ ወሰደው። ለሰው አልተናገርኩም። ጎረቤታችን እትዬ ልክነሽ ከገረሴ የላከችው አረቄ ነበረ፤ እሳቱ ንጹሕ ነው፣ ጥላሸት የለውም፣ ሽቦውን ግን ለብ አደረገው እንጂ አላቀላውም። አባባ ከአልጋው ላይ ሆኖ፣ «ሽቦ ከምታጠጪው እኔ አለሁልሽ አይደል?» ይለኛል።

በመጨረሻ ሲቀላ ሰፈር ወርቅ ወደሚሠራው ወደ ክንፉ ሄድኩ። ሁሉንም ስነግረው ሥራውን አቁሞ ሳቀ። «ላምባው ጥላሸት፣ ቤንዚኑ ሞት፣ አረቄው ለሰው ነው፤ አንቺ ለላይተር የሚሞላውን ጋዝ ነው የምትፈልጊው» አለ። በትንሿ የእጅ መተኮሻው ውስጥ ሞልቶ፣ ደጅ አውጥቶ ለኮሳት። ቢጫውን ተዪው፣ ሰማያዊው ጫፍ ነው የሚሠራልሽ አለኝ። ሽቦው ወዲያው ፍም መሰለ። ሲበርድ አሸተትኩት፤ ምንም። ዋጋ አልቀበልም አለ፤ አባትሽ ሲበረታ ጋቢ ይሠራልኛል ብሎ።

ጥጡ ቀረ። የሸማኔ ልጅ አይደለሁ፤ ክር ከሚጠቀለልበት ከአባባ ቀሰም ላይ ቆርጬ፣ አጥብቄ ሞላሁት። አባባ ሲስበው ክሩ አረረ። አባባ መነጽሩን አድርጎ ከእጄ ነጠቀኝ። ክሩን ፈታ ፈታ አደረገና፣ «የተፈተለ ክር መቼ ይጠጣል? ባዘቶ አምጪ!» አለ። ያልተፈተለውን ጥጥ በአውራ ጣቱ አለስልሶ፣ ሳያጨናንቅ በሽቦው መሃል አሳለፈው። ጣቶቹ አልተንቀጠቀጡም። ከታመመ ወዲህ እንዲያ ሆኖ አላየሁትም። ሳበ። አልሳለም። «ለወንድምሽ ንገሪው» አለኝ። ምኑን እንደሆነ አላለኝም። ይኸው ነገርኩህ።

ወንድም ጋሼ፣ ስለ ዕቃው ብቻ አይደለም የማመሰግንህ። ደንበኛ እያስተናገድክም ስልኬን ስላነሳህ፣ ስለ ሽቦ ስነተርክህ ስላልሰለቸህ ነው። እኔ እዚህ ብቻዬን የሆንኩ ሲመስለኝ ብቻዬን አልነበርኩም። ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ፦ አባባ ሲተኛ ልብሱን ተደብቄ አሸተዋለሁ። እስከ ዛሬ ትንባሆ የለውም። እስከ ዛሬ።

እትዬ ልክነሽ በእመቤታችን ስም ሰላም ብላሃለች። ክንፉ ሳያውቅህ ሰላም በይልኝ ብሏል። አብሮህ ለሚኖረው ለአበጋዝ ሰላምታዬን አድርስልኝ። አባባ ግንባርህን ስሞሃል።

እህትህ እድላዊት
አርባ ምንጭ፣ የካቲት 16 ቀን 2009 ዓ.ም.

ፖስታውን ሳላሽግ፦ አባባ አሁን ተነሳ፤ የገረሴ መኪና የሚነሳበት ሰዓት ነው። ዕቃው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ አልያዘውም። ወዴት ነህ አባባ ብዬ ጠየቅኩት። «መጣሁ» አለኝ። በሩን ዘጋው።