ክፍሌ ባሱ ላይ የተናገረው

ለምወድሽ፣ እንደ እናት ላሳደግሽኝ እህቴ ለእትዬ ጌጤነሽ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ያ የጉልበትሽ ሕመም ተሻለሽ ወይ? እማዬስ ጉንፋኑ ለቀቃት? ባለቤትሽ ጋሼ ዓምደሚካኤልስ ደህና ናቸው? እንኳን ለበዓለ ጰራቅሊጦስ በሰላም አደረሳችሁ። እኔና ክፍሌ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የዛሬው «ደህና ነን» ለወጉ ያህል አይደለም፣ የምሬን ነው።

እትዬ፣ ባለፈው ስልክ ስደውል ድምፄ ልክ እንዳልነበረ ሳይገባሽ አልቀረም። ደብቄሽ ነበር። ባለቤቴ ክፍሌ ቀን ሆቴል ፓርኪንግ ይሠራል፣ ማታ ታክሲ ይነዳል። እኔ ስገባ እሱ ይወጣል። ዘጠኝ ዓመት ተለያይተን ኖረን ስንገናኝ እንደ ሁለት ተከራይ ሆንን፤ ወሬያችን «በላሽ?» «በላሁ» ብቻ። አብሮ አደጌ ሰርካለም ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባል ጎረቤት ከተማ ትርፍ ክፍል አላት። «እኔ ጋ ነይ» ስትለኝ ልብሴን ጥቂት በጥቂት ወደ እሷ ቤት ማመላለስ ጀምሬ ነበር።

በዚህ መሀል የሆቴሉ ኃላፊ ለክፍሌ ሁለት የጉብኝት ትኬት ሰጠው። ጉብኝቱ ፊላደልፊያ ወደምትባል፣ አሜሪካኖች ነጻነታቸውን ወዳወጁባት ጥንታዊ ከተማ ነው። እምቢ ልል ነበር፤ ኋላ ግን በደግ ልለየው ብዬ እሺ አልኩ።

ከትናንት በስቲያ ቅዳሜ ጧት ባስ ተሳፈርን። አስጎብኚያችን ሽበታም፣ ቀልደኛ አሮጊት ናት። አብዛኛው መንገደኛ ባልና ሚስት መሆኑን አይታ ማይክሮፎኑን አዞረችና ሁሉም በትዳር ስንት ዓመት እንደቆየ ይናገር አለች። አንዱ ሠላሳ ይላል፣ አንዱ አርባ አንድ፤ ይጨበጨባል። ተራው ክፍሌ ጋ ደረሰ። ታውቂው የለ፣ ቃል ከአፉ በመከራ የሚወጣ ሰው! ተነሥቶ በእንግሊዝኛ እንዲህ አለ፦ «ከተጋባን አሥራ አንድ ዓመታችን ነው፤ አብረን የኖርነው ግን ሁለት ዓመት አይሞላም። እሷን ላኖር ስሯሯጥ እሷኑ ረሳኋት። ትታኝ እንዳትሄድ እፈራለሁ፤ እንዴት እንደምነግራት ግን አላውቅበትም።»

እሱ ተቀመጠና ወደ መስኮቱ ዞረ። ለካ እንግሊዝኛው የሚገባኝ አልመሰለውም! ስድስት ወር ሙሉ ላይብረሪ እየሄድኩ መማሬን እንኳ ልብ አላለም።

ደርሰን በድንጋይ በተነጠፈው ጠባብ መንገድ፣ በቀይ ሸክላ ቤቶች መሀል ስንዘዋወር ያለውን በልቤ ስደጋግም ቆየሁ። ሰዉ የነጻነታቸው ምልክት የሆነውን የተሰነጠቀ ደወል ለማየት ሲሰለፍ ግን እጁን ይዤ ዛፍ ሥር አስቀመጥኩትና «ባሱ ላይ ያልከውን ሰምቻለሁ» አልኩት። ፊቱ ፍም መሰለ።

«ገባሽ?» አለኝ።

«ገባኝ። ለምን ለእኔ በአማርኛ አልነገርከኝም?»

«በአማርኛማ ያመኛል» አለኝ።

እኔም የሰርካለምን ነገር ሳልደብቅ ነገርኩት። አልተቆጣም። «ልብስሽ ከቁም ሳጥኑ እየጎደለ መሄዱን አይቼ ነበር፤ ብጠይቅሽ እውነት ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ» ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። አስጎብኚያችን ፈልጋ ስታገኘን ሌላው ሰው ደወሉን አይቶ ጨርሷል። እኛ ሳናየው ተመለስን።

ከእንግዲህ ቅዳሜና እሑድ ታክሲውን ላይነካ ወስኗል። ሁሉ ነገር በአንድ ቀን ተቃና አልልሽም፤ ትናንት እንኳ በሬዲዮኑ ድምፅ ተጨቃጭቀናል። ግን ታምኚኛለሽ? መጨቃጨቁ ራሱ ናፍቆኝ ነበር።

ጋሼ ዓምደሚካኤልን እጅ ነሥታለች በያቸው። ለልጅሽ ለሸዋዓለም ፈተናዋ እንዲቀናት እየጸለይኩ ነው፤ ጉንጯን ሳሚልኝ። ክፍሌም አጠገቤ ተቀምጦ ሁላችሁንም ሰላም ይላል፤ ምን እንደጻፍኩ ግን አላሳየሁትም። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። አስጎብኚዋ ያነሳችንን ፎቶግራፍ አሳጥበን ልኬላችኋለሁ። እማዬ «ዓይናቸው ምን አቀላው?» ካለችሽ፣ የፊላደልፊያ ንፋስ ነው በያት።

እህትሽ የዓለምዘርፍ
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ሰኔ 9 ቀን 1989 ዓ.ም.