ደወሉን እኔው ደወልኩት

ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ወገብህስ ተሻለው? ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት ዛሬም ከዓይንህ ጋር ትጣላለህ ወይስ እማዬ ትሰካልሃለች? የእሷ ጉልበት እንዴት ነው? ታናሼስ እንደ ሸምበቆ መመዘዙን አቆመ ወይስ በየወሩ ሱሪውን እያስረዘምክ ነው? እኔ ደህና ነኝ። ለወጉ ያህል የሚባለው ዓይነት አይደለም። በልቼ አድራለሁ፣ ተኝቼ እነሣለሁ፣ ስናደድም በደንብ እናደዳለሁ።

ባለፈው ደውለህ በተቆራረጠ ድምፅ «ሥራው ይቅርብሽ ልጄ፣ ቤትሽ ግቢ» ስትለኝ ዝም ያልኩት ቃል አጥቼ አይደለም። መልሴን በእጄ ሳልይዝ መናገር ስላልፈለግኩ ነው። አሁን ይዣለሁ። ተማሪዎቹ «ጸጥታ» የሚል ስም ያወጡለት ርዕሰ መምህራችን «ልጅዎ ጨርቋን ልትጥል ነው፤ መጥተው ይውሰዷት» ብሎሃል አሉ። የልብስ ሰፊ ልጅ ጨርቋን አትጥልም አባዬ። የሆነውን ከእኔው ስማ።

ሳንባዬን ታምሜ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ስተኛ መተንፈሻ ቱቦ በጉሮሮዬ እንዳስገቡልኝ፣ እንዳልነቅለውም እጆቼን ከአልጋው ጋር እንዳሰሩ ሐኪሙ ነግሮሃል። ያልነገረህ እኔ ያየሁትን ነው። በትኩሳቱና በማደንዘዣው መሀል ሆስፒታል መሆኔ ጠፋኝ። መርከብ ሆድ ውስጥ የታሰርኩ፣ ነጭ የለበሱት ሰዎችም በዋጋዬ የሚከራከሩ መሰለኝ። ከራሴ በላይ አንድ ነገር «ቲት፣ ቲት» እያለ ይጮኻል። በጮኸ ቁጥር ከመካከላችን አንዱን ጎትተው ባሕር ውስጥ ይጥሉታል። እኔም ተራዬን እጠብቃለሁ። ሕልም ሲነቁ ይለቃል፤ ይሄ ግን ከሆስፒታል ስወጣ እንደ ጥላ ተከትሎኝ ቤቴ ገባ።

ሥራ በተመለስኩበት ቀን ሰሌዳው ላይ ሦስት ማዕዘን እየሣልኩ ሳለ የትምህርት ቤቱ ደወል ጮኸ። እግሬ ሳያማክረኝ ጠረጴዛው ሥር ከተተኝ። ጉሮሮዬን ይዤ «ፍቱኝ! ፍቱኝ!» እያልኩ ጮህኩ። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ፈርተውኝ ወደ ኋላ ሸሹ። ሽሽታቸው ከሳቃቸው ባሰብኝ። ጸጥታ በማግስቱ ክፍሌን ለሌላ መምህር ሰጥቶ እኔን መጻሕፍት ዕቃ ቤት አስቀመጠኝ። ሰው ሲታመም «እንዴት ነሽ?» ይባላል እንጂ እግሩ እንደተሰበረ ወንበር ዕቃ ቤት ይወረወራል?

ለሳንባዬ ክትትል ስሄድ ያስታመመችኝ ነርስ ፊቴን አየችና «እንቅልፍሽስ?» አለችኝ። እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ወዲያው አለቀስኩባት። እሷም ከዚያ ክፍል በሕይወት የወጡ ሰዎች ተሰብስበው ወደሚያወሩበት ቦታ ወሰደችኝ። በሩን የሚሞላ የከባድ መኪና ሾፌር እዚያ አለ። ተኝቶ ሳለ ጉንዳኖች መኪናውን ፈታትተው በጣሪያው ላይ ሲያጓጉዙት ያይ ነበር፤ «ጎማውን እንኳ አልተዉልኝም» አለን። ሳቅን፣ እሱም ሳቀ፣ ከዚያ ሁላችንም ዓይናችንን ጠረግን። ስብሰባውን የምትመራው የሥነ ልቦና ባለሙያ በጠና የታመመና እንቅልፍ ያጣ አእምሮ እንዲህ ያለ ነገር ማየቱ የተለመደ መሆኑን፣ ከዳኑም በኋላ ድንጋጤው እንደሚቆይ፣ ነገር ግን እብደት እንዳልሆነና እንደሚታከም አስረዳችን። ያን ቀን እስከ ቤቴ ብቻዬን እየሳቅኩ ነው የሄድኩት። ያኔ ያየኝ ሰው «ለይቶላታል» ቢል አልፈርድበትም።

እየተመላለስኩ ስታከም ቆየሁና አንድ ቀን የተኛሁበትን ክፍል አሳዩኝ አልኳቸው። ባለሙያዋ አጠገቤ ቆማ ባዶ አልጋ ላይ ጋደም አልኩ። የመርከብ መስኮት የመሰለኝ ክብ ነገር የአየር ማስወጫ ኖሯል። ነርሷ ከራስጌዬ ያለውን ማሽን «ቲት፣ ቲት» አስጮኸችው። የአልጋውን ብረት ጨምድጄ ያዝኩ።

«ይሄ ድምፅ እኮ ‹ኑ፣ እዩአት› ነው የሚለው» አለችኝ። «በጮኸ ቁጥር አንዳችን ወደ አንቺ እንሮጥ ነበር። እንዲያውም አንዴ ባንቺ የተነሣ ነጠላ ጫማዬ ተበጥሶ በባዶ እግሬ ደርሻለሁ፤ ጫማዬን ትከፍያለሽ።»

ደግማ እንድታስጮኸው ለመንኳት። ደጋግማ አስጮኸችው። ሞት የሚጠራኝ የመሰለኝ ድምፅ ለካ ሰው ሲጠራልኝ ነው የከረመው።

ከዚህ ወዲያ ዕቃ ቤት ማን ይቀመጣል? ማስተማር እንደምችል የሚመሰክረውን የሐኪሜን ወረቀት ይዤ ጸጥታ ዘንድ ሄድኩ። ሳያነበው መሳቢያ ውስጥ ከተተው። እኔም የመምህራን ስብሰባ ጠብቄ በሁሉም ፊት ክፍሌን መልስልኝ አልኩት። «በየደወሉ ጠረጴዛ ሥር ሊገቡ ነው?» አለኝ። አንዳንዱ ፈገግ አለ።

«የታመመው ሳንባዬ ነው፤ የደነገጠው ልቤ ነው፤ ሁለቱም ሐኪም አላቸው» አልኩት። «ሒሳብ የማስተምርበት ጭንቅላቴ ምንም አልሆነም።» ተነሥቼ ግድግዳው ላይ ያለውን የደወል ቁልፍ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። አልለቀቅኩትም። ጠረጴዛ ሥር አልገባሁም። ጆሮውን የያዘው ጸጥታ ነው። ተማሪዎቹ ትምህርት ያለቀ መስሏቸው እየጨፈሩ ወጡ፣ ዘበኛውም በሩን ወለል አድርጎ ከፈተላቸው፣ ጸጥታ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ጸጥታ! ጸጥታ!» ይላል። የጂኦግራፊው አዛውንት መምህር እንባው እስኪፈስ ስቆ፣ «ሰውዬ፣ ክፍሏን መልስላት፤ አለዚያ ቀኑን ሙሉ ስትደውልብን ትውላለች» አለው። በማግስቱ መለሰልኝ።

ደወሉ ዛሬም ያስደነግጠኛል፤ አልዋሽህም። ወደ ክፍሌ በተመለስኩበት ቀን ሲጮህ ጠመኔው በእጄ ውስጥ ተሰበረ። ቁራጩን ይዤ መጻፌን ቀጠልኩ። ጠረጴዛ ሥር የገባሁ ቀን መጀመሪያ የሳቀው ልጅ ቀስ ብሎ «ቲቸር፣ ተደወለ እኮ» አለኝ። «ሰምቻለሁ፤ ቁጭ በሉ። ይቺን ሳንጨርስ ማንም አይወጣም» አልኩ። ክፍሉ በሙሉ አጉረመረመ። አባዬ፣ እንደዚያ ጣፋጭ ማጉረምረም በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

ስለዚህ አልመጣም። ለዕረፍት እመጣለሁ፤ ትከሻዬ ሞልቷልና ያኔ ልኬን እንደ አዲስ ትወስዳለህ። እማዬን ጉልበቷን ስሜያለሁ በልልኝ፤ ታናሼን ሒሳቡን እጠይቀዋለሁ በለው። «አበደች» ብላ ሰፈሩን ያዳረሰችው አክስቴንም ሰላም በልልኝ፤ መዳኔንም በዚያው ፍጥነት ታዳርስልኝ። ጸጥታ እንደገና ከደወለልህ ደግሞ፣ «ልጄን አሁን አያገኟትም፤ ክፍል ውስጥ ናት» በለው።

የማትበገረው ልጅህ

ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣ እሑድ ኅዳር ፲፪ ቀን