በደሳንካ ስም

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 12

አዲስ ኮምፒውተር ስለተገዛላት የባልደረባዬ የደሳንካ አሮጌው ለእኔ ደረሰኝ። ጠዋት አጠገቤ ተቀምጣ አብረን እንድንሠራበት የአውቶቡስ ሰሌዳውን ፕሮግራም አሳየችኝ። ከሰዓት ጊት የሚባለውን የለውጥ መዝገብ ከፈትኩበት፤ ማን ምን እንደቀየረ ከነስሙ እንዲመዘገብ። ማከማቻው እዚሁ ኮምፒውተሬ ላይ ነው። የማታውን ጉዞ ሰዓት አስተካክዬ አስመዘገብኩ። የመጀመሪያዬ... ደስ አለኝ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 14

ሰሌዳው የመጨረሻውን አውቶቡስ አንድ ሰዓት አዘግይቶ አሳይቷል። ትናንት አሥራ አንድ ሰው አውቶቡሱ አምልጦት ኒሽ ከተማ መናኸሪያ ቀረ። አብዛኞቹ ለሐኪም የመጡ ሽማግሌዎች።

አለቃችን ስሬቴን መጥቶ መዝገቡን በእኔ ኮምፒውተር ላይ ከፈተ። ከስህተቱ ጎን የተጻፈው ስም፦ ደሳንካ።

«ደሳ፣ መነጽር እናዋጣልሽ እንዴ?» አላት። ሁሉም ሳቀ።

«እኔ ነኝ? አላስታውስም... ያን ቀን እዚያ ተቀምጬ ነበር። ስሜ ካለ እኔው እሆናለሁ።»

እሷ አይደለችም። ኮምፒውተሩ ስሟን ይዞ ነበር፤ የኔን ማስገባት ረስቼ። ወዲያው ገባኝ። ዝም አልኩ። የሙከራ ጊዜዬ አላለቀም... ይኼ ሰበብ ይሆናል?

ዓርብ፣ ኖቬምበር 15

የቢሮው ደንብ ነው፤ ያጠፋ ሰው በማግስቱ ለሁሉም ሳምቡሳ መሰሉን ቡሬክ ያመጣል። ደሳንካ የአይብ ቡሬክ ከነእርጎው ይዛ መጣች።

«ብላ እንጂ ቬሊሚር የኔ ልጅ፣ አንተ ከሲታ!»

ሁለት ቁራጭ በላሁ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 18

ስሬቴን ከአውቶቡሱ ሥራ አነሳት። ውሏ በዲሴምበር ያልቃል። «እናያለን» አላት። አሥራ አራት ዓመት ለሠራች ሴት!

የድሮ ምዝገባ ላይ ስም መቀየር ይቻላል። ሌላ ቅጂ ስለሌለ ማንም አያውቅም። በራሴ ስም ቀየርኩት። ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያስ? መዝገቡ ነጻ አወጣት፣ ሰዉ ግን አላወጣትም። እንደነበረ መለስኩት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 19

ሁሉም ባለበት ተናገርኩ።

«አምስት ቀን ሙሉ አፍህን ምን ዘጋው?» አለ ስሬቴን።

ደሳንካ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር።

«ሲስቁብኝ አንተም ሳቅህ?»

«ትንሽ።»

ኮቷን አንስታ ወጣች።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 25

ሥራው ለደሳንካ ተመለሰ። ውሏም ታደሰ። እኔ አልተባረርኩም፤ የሙከራ ጊዜዬ ግን በሦስት ወር ተራዘመ። ይገባኛል።

የመዝገቡን ስም ላስተካክለው ብላት «ተወው፣ እንዳለ ይቆይ» አለች። «ከሥሩ ግን የሆነውን ጻፍ።» ጻፍኩ። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነና በማን ስም እንዳለፈ።

አሁን የምቀይረውን ሁሉ ከማስመዝገቤ በፊት መጥታ ከኋላዬ ቆማ ታነባለች። «የኔ ልጅ» ማለቱን ትታለች። ዛሬ እንደ ምንም ብዬ ጠየቅኳት።

«ደሳንካ፣ እንደገና ታምኚኛለሽ?»

ወደ እኔ አላየችም። ስክሪኑን እያየች፦

«ስሙን አሳየኝ» አለች።