የነሐስ ድስቱ አደራ

ሶዶ፣ ኅዳር 12 ቀን 1931 ዓ.ም.

ውድ ካንታ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ከራጅኮት ተነሥቶ በዓደን፣ በጅቡቲና በአዲስ አበባ ዞሮ ሶዶ እስኪገባ አራት ወር ፈጅቶበታል። ያስተማርኩሽን ፊደል አልረሳሽም። አሁንም ግን «ሳህሊቱ፣ እንዴት ነህ» ብለሽ ወንድ አድርገሽኛል። አብረን በሠራንባቸው ዓመታት ያልታረመ ነገር ባሕር ማዶ ይታረማል ብዬ አልጠበቅሁም። ደህና ነኝ። አባቴ አምና ዐረፉ። ጣሊያኖቹ በከተማው ውስጥ አሉ፤ ሱቃችሁን የዱቄት ማከማቻ አድርገውታል። ይህን ደብዳቤ መንገድ ላይ የሚከፍት ሰው ካለ ስለ ጠመንጃ ሲፈልግ ስለ ምስር አንብቦ ይመለሳል።

ከጻፍሽው ሁሉ አንዷን መስመር ደጋግሜ አነበብኳት። «ያኔ ስታመም የሠራኸው ዳል እኔ ስሠራው እንደዚያ አይሆንም። ምን ጨመርክ? ጻፍልኝ» ትያለሽ። ለካ አማትሽ ዘንድ አሞግሰሽው ኖሯል። በሚመጣው ዓመት በዓላችሁ ሴቱ ሁሉ ሠርቶ አምላካችሁ ፊት ከሚያቀርበው ምግብ ያንቺ ድርሻ ያ ዳል፣ የምስሩ ወጥ፣ እንዲሆን አማትሽ ወስነዋል። ልጅሽ ሊላም እህል አልቀምስ ብላ አስቸግራሻለች፤ እሱን ብትሠሪላት ትበላልኝ ይሆናል ብለሽ ተስፋ አድርገሻል።

መልሱ አጭር ነው። ኮረሪማ ጨመርኩበት ብልሽ ታምኚኛለሽ። እንዲያውም እንደዚያ ብዬ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቱንም ቀድጃቸዋለሁ። አራተኛው ይኸው ነው።

በ1923 አባቴ ለባልሽ ለቫልጂ የአማርኛ ደብዳቤ ይጽፉለት ነበርና፣ ባሌ ሞቶብኝ ቤት መቀመጤን ሰምቶ አንቺን እንዳግዝ ጠየቃቸው። የባንያን፣ የህንድ ነጋዴ፣ ቤት ገብቼ ምን እንደምሠራ አላውቅም ነበር። አንቺም አታውቂም ነበር መሰለኝ፤ መጀመሪያ ውኃ ብቻ አስቀዳሽኝ። ከዚያ ከሙንና ድንብላል አስወቀጥሽኝ። ከዚያ የሰናፍጭ ፍሬ በጋለ ቅቤ ውስጥ ጥለሽ ፈንድቶ ጸጥ እስኪል ጠብቂ፣ እርዱን ከዚያ በኋላ ጨምሪ እያልሽ በእጅሽ አሳየሽኝ። የኛን ቦዬ በእርድ ሠርተሽ ስትሰጪኝ ሥሩን ከገበያ የገዛሁት እኔ ሆኜ ሳለ ምን እንደምበላ ጠፋኝ። እኔ ደግሞ ፊደል አስተማርኩሽ። የነሐስ ድስትሽን ግን ማጠብ እንጂ ማማሰል አልተፈቀደልኝም። እናትሽ ለሠርግሽ የሰጡሽ፣ ሥጋ ነክቶት የማያውቅ፣ ካንቺ ሌላ ማንም ሠርቶበት የማያውቅ ድስት ነበር።

የ1925ቱን ሑዳዴ ታስታውሻለሽ? እናንተ ዓመቱን ሙሉ ሥጋና እንቁላል አትነኩም፤ ቅቤና ወተት ግን የየዕለት ምግባችሁ ነው። እኛ በጾም ሁሉንም እንተዋለን። ሥጋ ከሌለበት የጾም ነው ብለሽ አሰብሽ፤ የናንተ ምግብ ሁሉ የጾም ነው ብዬ እኔም አሰብኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ አንድ ሳህን ቦዬ አቀረብሽልኝና «ሥጋ የለም፣ ብላ!» አልሽኝ። የሰናፍጩ ሽታ ቅቤውን ሸፍኖት ነበር። በላሁ፣ ደግሞም አስጨመርኩ። እንደዚያ እያልን ሳምንት ቆየን።

አንድ ቀን ከሙን የተነሰነሰበት አሬራ ስትሰጪኝ «ጾም ነው፣ የወተት ነገር አልጠጣም» አልኩሽ። ቆም አልሽና «ቅቤስ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «ቅቤም» አልኩሽ። ዝም ብትዪ እኔ መቼም አላውቅም ነበር። በማግሥቱ ግን ቦዬው በቅቤ መሠራቱን ነገርሽኝ። ንግግሩ ብቻ አልበቃሽም፣ ወደ ነፍስ አባቴ ወደ መምሬ ሀብተጊዮርጊስ ስሄድ ሻሽሽን ተከናንበሽ ተከተልሽኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆመሽ «ጥፋቱ የኔ ነው። ስግደቱን ለኔ ስጥ» አልሻቸው። አንቱ ማለት አታውቂም ነበር።

እሳቸው ሣቃቸውን ይዘው «ልጄ፣ ስግደት እንደ ዕቃ ለሰው አይተላለፍም። ሳታውቅ ስለበላች እናቀልላታለን» አሉና አርባ አዘዙልኝ። ያን ዕለት ቤቴ መጥተሽ ከጎኔ ሆነሽ ሃያ ሰገድሽ። ሃያ አንደኛው ላይ ጉልበትሽ እምቢ ብሎሽ ተቀመጥሽ። እኔ አርባዬን ሰገድኩ፤ ያንቺ ሃያ የት እንደተጻፈ እግዚአብሔር ይወቀው። እስከ ፋሲካም አንቺ ራስሽ ቅቤ አልቀመስሽም። ለዚህ እስከ ዛሬ አላመሰገንኩሽም። ያን ጊዜ አፍሬ ነበር፤ በኋላ ደግሞ ማመስገኑ የሚከብድበት ምክንያት መጣ።

በመስከረም 1926 ከቫልጂ ጋር ተበላ ወደሚባለው የቆላ ገበያ ወርደሽ ወባ ይዞሽ ተመለስሽ። የአራት ወር እርጉዝ ነበርሽ። በጥቅምት መጀመሪያ ፊትሽ እንደ ሰም ነጥቶ ራስሽን ችለሽ መቀመጥ አቃተሽ። የሚሲዮኑ ሐኪም ኪኒን ሰጥቶሽ ሲወጣ ቫልጂን በር ላይ አቆመውና «ኪኒኑ ብቻውን አይበቃም፤ ደሟ አልቋል። የሥጋ መረቅ ካልጠጣች እሷንም ልጁንም አታገኛቸውም» አለው። ቫልጂ ገብቶ ነገረሽ። አንቺ «ሥጋ የለም» ብለሽ ወደ ግድግዳው ዞርሽ። ቫልጂም ከዚያ በኋላ አልደገመልሽም። ሱቁ ገብቶ አንድ ጣቃ አቡጀዴ እየለካ ሲጠቀልል፣ እየፈታ እንደገና ሲለካ አየሁት።

የዚያን ዕለት ጠርተሽኝ ድስቱን በእጅሽ አመለከትሽኝና «አንተ ሥራ» አልሽኝ። ካንቺ ሌላ ማንም ያልሠራበትን ድስት አምነሽ ሰጠሽኝ። ምስሩን እንዳሳየሽኝ አድርጌ ሠራሁልሽ። ሁለት ማንኪያ ቀምሰሽ መለስሽው።

ጎረቤቴን ቦሼን ታውቂያታለሽ፣ ቆጮ የምትሸጥልንን። አጥር ላይ አግኝታኝ ነገሩን ስነግራት ወንድና ሴት በማይለየው በዚያ አማርኛዋ ተቆጣች። «ምን ያለ ነገር ነው ሳህሊቱ! ሴትዮው ሊሞት ነው፣ አንቺ ቆመሽ ምስር ያማስላል? ከመስቀል በሬ የተረፈ ቅልጥም አለኝ። ቀቅለው፣ አጥልለው፣ ማን ያያል?»

ቦሼ ላይ አላላክክም። አጥንቱን ሰጠችኝ እንጂ እጄን አልያዘችኝም። በማግሥቱ ከማለዳ ጀምሮ በራሴ ድስት፣ በራሴ ቤት ቀቀልኩት። ሲበርድ ስቡን ገፈፍኩ፣ በጨርቅ ሁለቴ አጠለልኩት። በቅል አድርጌ አፉን በእንሰት ቅጠል ከድኜ በነጠላዬ ሥር ይዤው መጣሁ። ምስሩን በውኃ ፈንታ በእሱ አበሰልኩት፣ ባንቺ ድስት። ሽታው እንዳይታወቅ ዝንጅብሉን አበዛሁ፤ ሰናፍጩን አንቺ ከምታፈነጂው በላይ አፈነዳሁት። ያስተማርሽኝን ሙያ ሁሉ አንቺን ለማታለል ተጠቀምኩበት።

ሳህኑን ጨረስሽው። በማግሥቱም ጨረስሽው። አሥራ አንድ ቀን እንደዚሁ አደረግሁ። ረቡዕና ዓርብ የኔም ጾም ስለሆነ መረቅ የገባበትን መቅመስ አልችልም ነበርና ጨውን በግምት እጥላለሁ። አንድ ዓርብ «ዛሬ ጨው በዛ» አልሽኝ፤ ግን ሳህኑን ጠርገሽ በላሽ። ከሥጋ ርቄ ሥጋ አበላሽ ነበር። ይህ አሁን ሲጻፍ ያስቃል፣ ያን ጊዜ ግን አላሳቀኝም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ስገባ ተቀምጠሽ አገኘሁሽ። ዝንጅብልና ሄል ያለበት፣ በወተት የፈላ ሻይ አምሮሽ ነበር። አፈላሁልሽ። ከዚያ ወዲያ ቦሼን አጥንት አልጠየቅኋትም። ያዳነሽ ኪኒኑ ይሁን መረቁ አላውቅም፤ አውቃለሁ የሚል ሰውም አልገጠመኝም። በመጋቢት ሊላ ተወለደች፣ ጩኸቷ እስከ ገበያው ድረስ እየተሰማ።

ለመምሬ ሀብተጊዮርጊስ ተናዘዝኩ። «ነፍስ ማዳን ኃጢአት አይደለም» ብለው አሰናበቱኝ። አልቀለለኝም። እሳቸው በፍስክ ሥጋ የሚበሉ ሰው ናቸው፤ ይቅርታው ከእሳቸው የሚገኝ አልነበረም። ላንቺ ለመንገር ያሰብኩባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። ሊላን ስናጥባት፣ ፊደል ስትጽፊ፣ ሳምቡሳ ስንጠቀልል። ሁልጊዜ ፊትሽን አይና ነገ እላለሁ። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም። ካንቺ ሌላ ወዳጅ አልነበረኝም፣ እሱን ማጣት ፈራሁ።

በጥቅምት 1928 ጦርነቱ ተጀምሮ ዕቃችሁ በበቅሎ ሲጫን ድስቱን ከጭነቱ አስወርደሽ አመጣሽልኝ። «በዚህ ሥጋ አትሥራ። አደራ» አልሽኝ። እኔም «እሺ» አልኩሽ። ከአሥራ አንዱ ቀን ሁሉ ይልቅ ያቺ «እሺ» ታሳፍረኛለች።

አደራሽን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠብቄያለሁ። የተበላሸ ድስት ለምን እንደምጠብቅ ራሴንም ጠይቄያለሁ። አምና ለመስቀል ቦሼ ልትዋሰው መጥታ ከለከልኳት። «በሬው አንዴ ገብቶበት የለም ወይ? አሁን ምን አዲስ ነገር አለ?» ብላኝ ተቀይማ ሄደች፤ ለሁለት ወር ሰላምታ ነፈገችኝ። እውነቷን ነበር፣ ግን አልሰጠኋትም።

እንግዲህ ምን ጨመርክ ላልሽው መልሱ የበሬ ቅልጥም መረቅ ነው። አምላካችሁ ፊት የምታቀርቢውን እናትሽ እንዳስተማሩሽ አድርገሽ ሥሪ፤ አማትሽ ጣዕሙ ቀነሰ ቢሉሽ ያቺ ሐበሻ ሙያ የላትም በያቸው። ለሊላም ያን አትፈልጊላት። አንዴ በማሕፀንሽ ሆና ቀምሳዋለች፣ ይበቃታል። የማትበላው ልጅ ስለሆነች ነው፤ አሬራ በከሙን ስጫት፣ እዚህ ሳለች ትወደው ነበር።

እንዳልዋሽሽ፣ በማድረጌ አልተጸጸትኩም። አንቺም ልጅሽም አላችሁ። እንደዚያ ሆነሽ እንደገና ባይሽ እንደገና አደርገዋለሁ። የሚጸጽተኝ አለመንገሬ ነው። አንቺ ባለማወቅ ላጠፋሽው በማግሥቱ ነግረሽኛል፤ እኔ አውቄ ያጠፋሁትን ለመናገር አምስት ዓመት ፈጀብኝ።

እዚያ ካህናት አሏችሁ። ለእንዲህ ያለ ነገር የሚያዝዙት ጾምም ሆነ ስግደት ይኖራል። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ስግደቱን ለኔ ስጪኝ። ለሌላ ሰው አይተላለፍም ካሉሽም እኔ እዚህ ሶዶ፣ ድስትሽን ከፊቴ አስቀምጬ ግማሹን እሰግዳለሁ። የትም ባይጻፍልኝ ግድ የለኝም። ሌላ ነገር ልትጽፊልኝ ካልወደድሽ ቁጥሩን ብቻ ጻፊልኝ።

ሳህሊቱ